አውሮፕላን የመሰለን ድምፅ

ገርጂ ያኔ ገና ከተማ አልሆነችም። ዛሬ ኢምፔሪያል ብለን ከታክሲ የምንወርድበት አካባቢ ግራና ቀኙ ማሳ ነበር። ክረምት ላይ ከቤት ስንወጣ ጭቃው ጫማችንን ከእግራችን ይነጥቀናል። ከላይ ደግሞ ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ጣሪያ ሊነኩ እስኪመስል ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ሰው ድምፃቸውን ሲሰማ አንገቱን ይቀብር ነበር። እኛ ግን ለምደነዋል፤ ወሬያችንን እንኳ አናቋርጥም፤ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንቀጥላለን።

መንግሥት ከተለወጠ አራት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። እኔ ሰዓዳ እባላለሁ፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከወሎ መጥቼ አክስቴ ፋጡማ ዘንድ እየኖርኩ ሱቃቸውን እጠብቅላቸው ነበር። አክስቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ሠርተው ቤታቸውን ያቆሙ ጠንካራ ሴት ናቸው። ክፉ አልነበሩም፤ መትተውኝም ሰድበውኝም አያውቁም። ነገር ግን ዕቃ ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ሥራቸውን አቁመው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ያን ዝምታቸውን ከዱላ አብልጬ እፈራው ነበር። ይህን ፍርሃቴን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ለደረሰው ነገር ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁት ብዬ ነው።

አስካለ የምትኖረው እኛው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል ነበር። ከጎጃም የመጣች፣ በዕድሜ ሁለት ዓመት የምትበልጠኝ ሴት ናት። ባሏ ታደሰ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ አሰብ መስመር ስለሚሠራ በወር አንዴ፣ ሲሳካለት ሁለቴ ይመጣል። የስምንት ወር ልጅ ነበረቻቸው፤ ምሕረት ትባላለች። ታደሰ በማይኖርበት ጊዜ አስካለ ሰው እንዲርቃት አትወድም ነበር፤ እኔም ሱቁን ስዘጋ ቀጥታ የምሄደው እሷ ዘንድ ነው። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፤ የእሷን ፆም እኔ አውቃለሁ፣ የእኔን ረመዳን እሷ ትቆጥርልኛለች። በአዲስ አበባ ሕይወቴ ጓደኛ ብዬ የምጠራው ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ያን ክረምት ታይፎይድ ያዘኝ። ሦስት ሳምንት ተኛሁ። አስካለ ልጇን አዝላ ጠዋት ማታ እየመጣች ፊቴን ታጥበኝ፣ አጥሚት በማንኪያ ታጎርሰኝ ነበር። አክስቴ ደግሞ ብርዱ እንዳይጎዳኝ ብለው ከሳጥናቸው ውስጥ ነብር የተሣለበት ከባድ ብርድ ልብስ አውጥተው አለበሱኝ። ሟች ባላቸው የገዙላቸው ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው እንኳ ለብሰውት አያውቁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በላቤ አራስኩት። ስድን መጀመሪያ ያሰብኩት ያን ብርድ ልብስ አጥቤ ወደ ሳጥኑ መመለስ ነበር።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች። ስንት ቀን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ሰንብቶ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ልብሱን ይዞ ወጣ። ቦኖው ላይ ወረፋው አጥሩን ዞሮ ነበር። አክስቴ ዕቃ ሊያመጡ መርካቶ ሄደዋል። ብርድ ልብሱን ሳፋ ውስጥ አድርጌ ወደ ወንዝ ልወርድ ስል አስካለ ከበሯ ላይ አየችኝ። ገና ጉልበትሽ አልተመለሰም፣ ያን የሚያህል ነገር ውሃ ሲጠጣ አንቺን ይጥልሻል አለችኝ። እሷ የሚታጠብ ልብስ አልነበራትም። ምሕረትን በነጠላ አዝላ ተከተለችኝ።

ወንዙ በበጋ ልጆች የሚዘሉት ዓይነት ነው። በክረምትም ቢሆን በጠዋት ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበር። መሐሉ ላይ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ሴቶች ከባድ ልብስ የሚረግጡት እዚያ ላይ ነው። እኛ ስንደርስ ሌሎቹ አጥበው ጨርሰው እየወጡ ነበር። አስካለ ምሕረትን ፈትታ ሰጠችኝና ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ገባች። እኔ በስተዳር ተቀምጬ ልጅቷን ጭኔ ላይ ይዤ ሳሙና አቀብላት ነበር። ብርድ ልብሱን በእግሯ ስትረግጠው አረፋው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል። ስለ ታደሰ ታወራኝ ነበር፤ ለመስቀል ሦስት ቀን እንደሚያርፍ ነግሯታል፣ ሦስት ሆነው ፎቶ ሊነሡ አስበዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ፎቶ ተነሥታ አታውቅም።

ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወደ የካ ተራራ በኩል ግን ጥቁር ደመና ተደፍቷል። አየሁት። ዝናቡ እዚያው ነው፣ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ጨርሰን እንገባለን ብዬ አሰብኩ። ተራራ ላይ የወረደ ውሃ የሚሄድበት ቦታ እንዳለው አላሰብኩም።

አስካለ ያደገችው ወንዝ አጠገብ ነው። ብርድ ልብሱን ሁለተኛ ጊዜ አለቅልቃ፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ድንጋዩ ላይ እያነጠፈችው ሳለ ቀና አለችና ወደ ላይኛው ወንዝ አየች። ውሃው ቀልቶ ነበር።

"ሰዓዳ፣ ውሃው ደፈረሰ፤ እንውጣ" አለችኝ።

ከላይ ከብት እያሻገሩ ይሆናል አልኳት። ትንሽ ይንጠፍጠፍ፣ አሁን ብንሸከመው ሁለታችንም አንችለውም አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ብርድ ልብሱ የእኔ ነገር ስለሆነ አልተከራከረችኝም። ወደ እኔ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ልጅቷን አልተቀበለችኝም፣ እጇ ርጥብ ነበር።

ይሄኔ ድምፅ መጣ። ሁለታችንም እንደ ልማዳችን ወሬያችንን ከፍ አድርገን ቀጠልን። አውሮፕላን ነበር የመሰለን። አውሮፕላን ሲያልፍ ድምፁ ይመጣል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ይርቃል። ይኼ ግን በረታ፣ በረታ፣ አልራቀም። ቀና ብዬ ሰማዩን ፈለግኩ። ምንም የለም።

ከወንዙ ማዶ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሽማግሌ ከብት ይጠብቁ ነበር፤ ግቢያችን ወተት የሚገዛው ከእሳቸው ነው። ዱላቸውን ወደ ላይ እያወዛወዙ በዳገቱ ሲሮጡ አየናቸው። "ቢሻን! ቢሻን!" ይላሉ። አማርኛ አሳምረው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን ከአፋቸው የወጣው የእናታቸው ቋንቋ ነው። እኔ ኦሮምኛ አላውቅም ነበር። ላም የጠፋባቸው መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ ፈለግኩላቸው። ቢሻን ማለት ውሃ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

አስካለ ግን ቋንቋውን ባታውቅም ገባት። ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ከእነ ልጅቷ ዳገቱን በጉልበቴም በእጄም ወጣሁት፤ እሷ ከኋላዬ ወገቤን ትገፋኝ ነበር። ከላይ ሳሩ ላይ ደርሰን ዞር ስንል፣ የተቀመጥኩበት ቦታ ውሃ ለብሷል። ውሃው ገና ከጉልበት እምብዛም አልዘለለም። ፈጣንና ቀይ ነበር፤ ገለባና ቅርንጫፍ ይዟል። ሁለታችንም ወጥተናል። ሦስታችንም ወጥተናል። ይህን ደጋግሜ የምለው ለዚህ ነው፤ አስካለ ወጥታ ነበር። አጠገቤ ቆማ ነበር።

ብርድ ልብሱ ድንጋዩ ላይ ሲንሸራተት አየሁት። አንዱ ጫፉ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይወዛወዛል። አክስቴ ሳጥኑን ከፍተው ዝም ብለው ሲያዩኝ ታየኝ።

"ብርድ ልብሱ!" ብዬ ጮኽኩ። "አክስቴ ምን ይሉኛል?"

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ሂጂ አላልኳትም። ነገር ግን እኔ ገና ከሕመም የተነሣሁ፣ ክንዴ ላይም የእሷ ልጅ የተኛችብኝ ሆኜ፣ ያን ቃል ለማን ነበር የተናገርኩት? እዚያ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረም።

አስካለ ብርድ ልብሱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። "ልጅቷን አጥብቀሽ ያዣት" አለችኝና ወረደች።

ውሃው ውስጥ በሦስት እርምጃ ድንጋዩ ዘንድ ደረሰች። የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘች፣ ሳበች። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያጠበ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ሳበች፣ ሁለተኛ ስትስብ እግሯ ተንሸራቶ በጉልበቷ ወደቀች። ተነሣች። የላይኛውን ወንዝ ያየሁት ያኔ ነው። ከመታጠፊያው ላይ ውሃው እንደ ግንብ ቆሞ መጣ። ግንድ፣ ቆርቆሮ፣ የአጥር ምሰሶ፣ ሌላም ምን እንደሆነ ያላወቅኩትን ነገር ሁሉ ከፊቱ ይገፋል። ልቀቂው ብዬ ጮኽኩ። ስሟን ጠራሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ለቀቀችው። ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ብርድ ልብሱን ለቃ ፊቷን ወደ እኛ መልሳ ነበር። ሁለት እርምጃ መጣች። እጇን ዘርግታ ነበር፤ እኔም አንድ እጄን ዘረጋሁ፣ በመካከላችን ሁለት ሰው ቁመት ያህል ነበር የቀረን። ከዚያ ውሃው መጣ። አልጮኸችም። አንዴ ራሷ ከታች ብቅ ሲል አየሁት፣ ሌላ ጊዜ ክንዷን መሰለኝ፤ ከዚያ ወንዙ ብቻ ሆነ።

ኦቦ ቱሉ ከማዶ ዱላቸውን ይዘው በዳርቻው ወደ ታች ሮጡ። እኔም ከወዲህ ሮጥኩ። ምሕረት ነቅታ ታለቅሳለች። ጫማዬ የት እንደቀረ አላውቅም። ከታች አንድ ቁልቁለት ዘንድ ስደርስ ደክሞኝ ተቀመጥኩ። ኦቦ ቱሉም ከማዶ ቆሙ። በመካከላችን ውሃው ሲያልፍ ተያየን። ሽማግሌው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ሰው ተሰበሰበ። ወንዶች ገመድና ረጅም እንጨት ይዘው መጡ። ጎርፉ ግን እንደመጣ ለመሄድም አልዘገየም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውሃው ጎደለ፤ ዳርና ዳሩ ጭቃና ቆሻሻ ብቻ ቀረ። ከእድራችን አንድ ሰው ወደ እኔ መጣና በለሆሳስ ጠየቀኝ። ወጥታ ነበር ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።

"ታዲያ ለምን ተመለሰች?"

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ ሰው ይገድለኝ ነበር? አይገድለኝም። ምናልባት ማንም ክፉ ቃል አይናገረኝም ነበር። ግን አፌ ሌላ ነገር ተናገረ።

"ልብሷ ቀርቶባት ነው" አልኩት።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሌሎቹ ሄዶ የነገርኩትን ነገራቸው። ቃሉ እዚያው ዓይኔ እያየ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ አየሁት፤ ልመልሰው አልቻልኩም።

ያን ቀን የቀረውን ሰዓት ያሳለፍኩት ከምሕረት ጋር ነው። ረሃብ ጠናባት። የስምንት ወር ልጅ ስለሆነች የሰው ምግብ ብዙም አልለመደችም ነበር። ፊቷን ደረቴ ላይ እያሻሸች ትፈልጋለች፣ ስታጣ ታለቅሳለች፣ ደክሟት ትተኛለች፣ ደግሞ ነቅታ ትፈልጋለች። የስኳር ውሃ በማንኪያ ሰጠኋት፤ ተፋችው። ኋላ ከእኛ ሦስተኛ ቤት የነበረች አራስ ሰምታ መጣች። ልጅቷን ከእጄ ወስዳ ጡቷን ሰጠቻት። ምሕረት ዓይኗን ከፍታ የሴትየዋን ፊት እያየች ጠባች። የማን ፊት እንደሆነ ለማወቅ የምትሞክር ትመስል ነበር። ያን ሳይ ነው ያለቀስኩት፤ እስከዚያ ድረስ እንባ አልመጣልኝም።

እሑድን በሙሉ ፈለጓት። ወንዶቹ በሁለቱም ዳር ተከፍለው እስከ ቡልቡላ ድረስ ወርደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አክስቴ ከእነሱ ጋር ሄደው ነበር። ያን ዕድሜ ይዘው፣ በዚያ ጭቃ፣ ቁጥቋጦ ሥር እያጎነበሱ ሲያዩ ዋሉ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከቡልቡላ በታች አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች አገኟት። እንድለያት ጠሩኝ። ስለዚያ የምጽፈው ነገር የለም። እሷ ነበረች።

ማክሰኞ ተቀበረች። ከቀብር ስንመለስ ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ያወሩ ነበር። ምስኪን፣ ለጨርቅ ብላ፣ ልጇን ሜዳ ላይ ጥላ ይሉ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከልባቸው አዝነው ነው የሚሉት። እኔ መሐላቸው ተቀምጫለሁ። ልጇ ጭኔ ላይ ናት። የተነገራቸውን አላረምኩም።

በዚያው ሳምንት አክስቴን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ብርድ ልብሱ በውሃ ተወስዷል፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። አክስቴ የምናገረው ነገር አልገባቸውም።

"የምን ብርድ ልብስ?" አሉኝ።

ነብር የተሣለበት፣ የባለቤትዎ፣ ስታመም ያለበሱኝ አልኳቸው። አስታወሱት። እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ትከሻቸው አስጠጉኝ። "አንቺን ስላልወሰደብኝ አላህን አመሰግናለሁ፤ ስለ ጨርቅ አታንሺብኝ" አሉኝ። አስካለ የሞተችው እኔ ከፈራሁት ነገር የተነሣ ነው፤ የፈራሁት ነገር ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ታደሰ የሰማው በአሥረኛው ቀን፣ ከአሰብ ሲመለስ ነው። መኪናው ላይ የለበሰውን ልብስ እንኳ ሳይቀይር መጥቶ በራቸው ላይ ተቀመጠ። ብዙ አልጠየቀኝም። ምሕረትን ወደ እናቱ አገር ሊወስዳት ፈልጎ ነበር፤ ልጅቷ ግን ከእኔ እጅ ወደ እሱ አልሄድ አለች። ክረምቱ እስኪወጣ አንቺ ዘንድ ትቆይልኝ አለኝ። ክረምቱ ወጣ፤ ሌላም ክረምት መጣ። መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣና የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ወደ ሞያሌ መስመር ተዛወረ፤ እዚያ ሌላ ቤት መሠረተ፣ መምጣቱም እየሳሳ ሄዶ ቀረ። አልፈርድበትም።

ምሕረትን እኔ አሳደግኳት። ክርስትና የተነሣችው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የእናቷ ሃይማኖት ነው ብዬ አላስለወጥኳትም። እሑድ እሑድ ነጠላዋን አልብሼ ቤተ ክርስቲያን ድረስ እወስዳትና ሒጃቤን እንደለበስኩ ከአጥሩ ውጪ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። መጀመሪያ ሰው ያየኝ ነበር፣ በኋላ ለመደኝ። ሊያገቡኝ የጠየቁ ነበሩ። ልጅ አለችኝ እያልኩ መለስኳቸው፤ እውነትም ልጅ አለችኝ። እማዬ ትለኛለች። የወለደቻትን ግን በስሟ ነው የምትጠራት፤ አስካለ።

እኔ የነገርኳት ጎርፍ እንደወሰዳት ብቻ ነበር። ለምን በስሟ እንደምትጠራት የገባኝ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ነው። ትምህርት ቤት ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ተጣልታ ተናድዳ ገባች። ስለ እናቶች ሲያወሩ አንድ ነገር ተባብለው ነበር። እኔም እንደ ዘበት፣ እናትሽ በሕይወት ብትኖር እንዲህ ስትናደጂ ስታይ ታዝን ነበር አልኳት። ፊቷን አዙራ አየችኝ።

"አስካለ ለእኔ የምታዝን ቢሆን ኖሮ ወደ ወንዙ አትመለስም ነበር" አለችኝ። "ከእኔ ጨርቅ ነው የመረጠችው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንቺ ለምን ትደብቂኛለሽ?"

ያቺን አንድ ቃል የተናገርኩት ራሴን ለማዳን ነበር። ምን ያህል ሩቅ እንደሄደች ያወቅኩት ያኔ ነው። እስከዚያ ራሴን የምከሰው አስካለን አስገደልኳት እያልኩ ብቻ ነበር። ከሞተች በኋላም ልጇን እንደወሰድኩባት፣ ልጅቷንም እናት አልባ ብቻ ሳይሆን ያልተፈለገች አድርጌ እንዳሳደግኳት ልብ አላልኩም።

በሩን ዘጋሁና አስቀመጥኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ታይፎይዱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ውሃው ደፈረሰ እንውጣ ያለችኝን፣ እኔ ከብት ነው ያልኳትን። ወጥታ እንደነበር፤ እኔ እንደጮኽኩ፤ ልጅቷን አጥብቀሽ ያዣት እንዳለች፤ ብርድ ልብሱን ለቃ ወደ እሷ ስትመለስ እንደነበር። አንድም ነገር አላስቀረሁም።

"ለምን ዋሸሽ?" አለችኝ።

"ፈርቼ።"

"ማንን?"

ተነሥታ ክፍሏ ገባች። ያን ቀን ምግብ አልበላችም፤ በማግስቱም ደብተሯን ይዛ ሳትሰናበተኝ ወጣች፣ ስትመለስም እንደ ባዕድ ሰው ቤት ሰላም ብላ ገባች። ትሄድብኛለች ብዬ አሰብኩ። ብትሄድ አልከለክላትም፤ መብቷ ነው። ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እኔ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ወንዝ ዳር ያላችሁ፣ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አትመኑ፣ ተራራውንም እዩ፤ ይህን ግን ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል። ልነግራችሁ የምፈልገው ሌላ ነው። በሬዲዮ ጎርፍ ይህን ያህል ሰው ወሰደ ሲባል፣ በሩቅ አገር የባሕር ማዕበል ከተማ ጠረገ፣ የበረዶ ናዳ መንደር ቀበረ ሲባል ሰው ሁሉ ቁጥሩን ይሰማል። እኔ ቁጥሩ አይሰማኝም። ከእነዚያ መካከል ስንቶቹ ወጥተው ነበር እላለሁ። ስንቶቹ ሣር ላይ ደርሰው ትንፋሽ ሰብስበው፣ አንድ የሚወዱት ሰው ስለ አንድ ዕቃ ጮኾባቸው ተመለሱ? የጮኸውስ ሰው ዛሬ የት ነው? ካለ፣ እየኖረም ከሆነ፣ ለሟቹ ልጆች ይንገራቸው። ቢጠሉት ይጥሉት። ሙታን ሞኝ ተብለው ሊቀሩ አይገባም።

ዛሬ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ምሕረት የራሷን ሥራ ይዛለች። ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ያነበበችው እሷ ናት፤ አንድ ቦታ ሰርዢው ብላኝ ሰርዤዋለሁ።

ያን ሳምንት፣ እውነቱን ከነገርኳት በስምንተኛው ቀን፣ ሽንኩርት ስልጥ ወጥ ቤት መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ልትሰናበተኝ መሰለኝ። ቢላውን አስቀምጬ እጄን በጨርቅ ጠረግኩ። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጦ ነበር።

"ስትስቅ እንዴት ነበረች?" አለችኝ።

ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን እንደነበር ነገርኳት፤ የፊት ጥርሷ ትንሽ ተሸርፎ ስለነበር ታፍራለች። ግን ሳቁ ሲበረታባት እጇን ትረሳውና ታወርደዋለች አልኳት። ምሕረት ዝቅ ብላ ከፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሌላስ አለችኝ። እኔም ተቀመጥኩ። ስትዘፍን ግጥም እንደምታደባልቅ፣ ጨው እንደምታበዛ፣ ዝናብ ሲጥል በር ከፍታ ማየት እንደምትወድ ነገርኳት። እስኪመሽ አወራሁላት። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ፣ ስለ አስካለ ለልጇ የነገርኳት አሟሟቷን ብቻ ነበር።